በሩን የያዘው አምስት ኪሎ

ሙሉመቤት እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ባለ አሥር ኪሎውን የሚዛን ብረት ከሎሚው ውሃ ውስጥ በሁለት እጇ አወጣችው። ከማክሰኞ ጀምሮ የተነከረ ነው። ውሃው አተላ መስሏል። ጉልበቷ ላይ የተነጠፈ ጆንያ ላይ አስቀምጣ፣ ከጭድ ተራ ባመጣችው ጭድ ጨውና አመድ እያስነካች ትፈትገው ጀመር። ዝገቱ መጀመሪያ እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ ሆኖ በጣቶቿ መሐል ወረደ። ከሥሩ ብረቱ ብቅ ሲል ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ቀጠለች።

ጊዜ አልነበራትም። ቀኑ ዓርብ ነው። ባላምባራስ አስናቀው የሰጧት ቀጠሮ ነገ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል።

ባላምባራስ የእህል በረንዳን የቦታ ጉዳይ የሚዳኙ ሽማግሌ ናቸው። የሙሉመቤት ባል ኃይለየሱስ እዚያ በረንዳ፣ በሁለት የእህል መደብሮች መካከል፣ ሁለት ጆንያ ጎን ለጎን በማታስተኛ ቦታ ላይ ሚዛን ሰቅሎ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል። እህል አልሸጠም፣ አልገዛም፤ ይመዝን ነበር። ገዢ የተሰፈረለትን ሲጠራጠር ወይም ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ ወደ እሱ ይመጣሉ። እሱ ከመዘነው በኋላ ክርክር የለም። አሁን ከሞተ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ቦታውን እስካሁን የጎኑ ነጋዴ ባህረዲን የራሱን ጆንያ እየደረደረበት ጠብቆ አቆየው። ሰሞኑን ግን ሌላ መዛኝ ቦታውን ጠየቀ። ባላምባራስ ሙሉመቤትን አስጠርተው፣ ስለ ሐዘኗ በወጉ አጽናንተው፣ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሚዛኑ ተሰቅሎ እህል ሲመዘንበት ካላዩ ለሰውየው እንደሚሰጡት ነገሯት። ማን ሊመዝን ነው ብለው ሲጠይቋት እኔ አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷንም ገረማት።

ከዚያ በፊት ቀኗ በርበሬ በመልቀም ያልፍ ነበር። የባልትና ነጋዴዎች ጆንያውን አምጥተው ይጥሉላታል፣ ለቅማ ስትጨርስ መጥተው ይወስዳሉ። አንዳንድ ሳምንት ከእሁድ እስከ እሁድ ስሟን የሚጠራ ሰው አይገኝም። በረንዳው ላይ ግን ዛሬም "የኃይለየሱስ ሚዛን ጋ ጠብቀኝ" እንደሚባባሉ ባህረዲን ነግሯታል። ሚዛን የለም፤ ቦታው ግን እንደዚያ ይጠራል። ሌላ ሰው ሚዛን ከሰቀለበት በወር ውስጥ የሌላ ሰው ስም ይወጣለታል።

ችግሩ ዝገቱ ነበር። ኃይለየሱስ የታመመ ጊዜ ሚዛኑንና ብረቶቹን ከባህረዲን መጋዘን በኩሊ አስጭኖ ቤት አስመጣቸው። ጓዳ ተቀመጡ። የጓዳው ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ሁለት ክረምት ዘነበባቸው። መጀመሪያ ስታያቸው ብረት ሳይሆን ከመሬት የተቆፈረ ቀይ አፈር መስለዋት ነበር።

መላውን የነገሯት ጎረቤቷ እትዬ አበራሽ ናቸው። ጣልያን ቤት ወጥ ሲሠሩ ያረጁ ሴት ናቸው። ለዛገ ቢላዋ አቼቶ፣ አቼቶ ከጠፋ ሎሚና ጨው፣ ትንሽ ዝገት ከሆነ ለሁለት የተቆረጠ ድንች በጨው ነክሮ ማሸት እንደሚበቃ ዘረዘሩላት። ሙሉመቤት ለስድስት ብረት የሚሆን አቼቶ ከየት አባቷ ታመጣለች፤ የደረቀ ሎሚ በቁና ገዝታ ስትጨምቅ ሰነበተች። የጣቶቿ ስንጥቅ ሁሉ ያቃጥላታል።

ስትፈትግ አንድ የቆየ እሁድ ትዝ አላት። ከተጋቡ ሦስተኛ ወራቸው ነበር። ያን ጊዜ ኃይለየሱስ ሚዛኑን ቤት ነበር የሚያሳድረው። እሱ ራጉኤል ለቅዳሴ ሲሄድ፣ ሲመለስ ደስ ይበለው ብላ ባለ ሁለት ኪሎውን በአሸዋና በአመድ ፈተገችው። ከሥሩ ያለችውን ጉድጓድ ሳይቀር በምስማር ጠርጋ፣ አብርታ፣ እንደ ስጦታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ተቀብሎ ገለበጠው። ጉድጓዷን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "ከእንግዲህ እነዚህን አትንኪብኝ" አላት። ብረቱን ኮቱ ውስጥ ሸፍኖ ይዞት ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚዛኑ ባህረዲን መጋዘን ማደር ጀመረ። እሷም በረንዳውን ረግጣ አታውቅም።

ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን ዘርግቶባት አያውቅም፤ ልጅ አለመውለዷንም አንድ ቀን አንስቶባት አያውቅም። ያቺ አንዲት ቃል ግን ሃያ ዓመት አብራት ኖረች። ከቤት ወጥቶ የሚውልበት ነገር ሁሉ እሷ እጇን የማታስገባበት ነገር እንደሆነ ገባት፤ ስለ ሥራው መጠየቅም ተወች። እሱም አልተናገረም። ማታ ማታ ራት በልተው በየበኩላቸው ዝም ይሉ ነበር።

እትዬ አበራሽ ሳይጣሩ ገቡና የተደረደሩትን ብረቶች እያዩ ጎንበስ አሉ።

"ይኼ ብረት ነው መስተዋት? ሽበቴን ባላሳየኝ ይሻል ነበር።"

"እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ።"

"እኔማ ለቢላዋ መስሎኝ። አንቺ የራጉኤል እቃ ቤት ልታስገቢው ነው እንዴ?" አሉና አንዱን በእግራቸው ጫፍ ጋደም አደረጉት። "ሆዱን ግን ረስተሽዋል። እይው፣ ጉድጓዱ ቆሻሻ ቋጥሯል።"

እውነታቸውን ነው። በእያንዳንዱ ብረት ሥር ጣት የምታስገባ ጉድጓድ አለች፤ ውስጧ ጥቁር ግራጫ ነገር ደርቆባታል። ሎሚው ዳር ዳሩን አላልቶታል። ሙሉመቤት ምስማር አምጥታ ቆርቆረችው፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሰም ተነቅሎ ወጣ። የስድስቱንም አወጣች። የወጣውን ከሎሚው ልጣጭ ጋር ጠርጋ አመዱ ላይ ደፋችው።

"ያቺስ?" አሉ እትዬ አበራሽ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ እያመለከቱ።

የቤቱ በር ባለ ሁለት ተከፋች ነው። የግራውን ተከፋች ከውስጥ ያስደገፈችው ባለ አምስት ኪሎዋ፣ የብረቶቹ ሰባተኛ ናት። ኃይለየሱስ ሊሞት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው መቀርቀሪያው ተሰብሮ ነፋስ በሩን ሲያንገጫግጨው አደረ። ጠዋት ከአልጋው ተነሥቶ፣ ማንሣት ስላቃተው በእግሩ እየገፋ ከጓዳ አመጣትና እዚያ አቆማት። "ለዛሬ ትያዘው" አለ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልወረደም። ሙሉመቤት በቀኙ ተከፋች ትወጣለች ትገባለች፤ ወለሉን ስትጠርግ ዙሪያዋን ትጠርጋለች።

"እሷ ትቆይ" አለች።

እትዬ አበራሽ ስለ ሎሚ መወደድ ማውራት ጀመሩ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኩሊ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሚዛኑንና ስድስቱን ብረት አደረሰላት። ባህረዲን ጆንያዎቹን አንስቶ ቦታውን አጥርቶ ጠብቋታል። ጠይም፣ ረጅም፣ ጢሙን በሒና ያቀላ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። የሚዛኑን ዘንግ ከበረንዳው ወራጅ ላይ ራሱ ሰቀለላት። ሁለቱ ሰሐኖች ተወዛውዘው ቆሙ፤ መሐል ያለችው መርፌ ቀጥ አለች። ብረቶቹን ሲያይ ግን ፊቱ እንደጠበቀችው አልሆነም። ብዙ ለፍተዋል አላትና ዞር አለ።

ሦስት ሰዓት ገና እንዳለፈ የመጀመሪያዋ ሰው መጣች። ሠርኬ የምትባል የራጉኤል ሰፈር ጠላ ሻጭ ናት። ሃምሳ ኪሎ ገብስ ማዶ ካለ መደብር ገዝታ ኩሊ አሸክማ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ የተሰቀለውን ሚዛን አየችና ኩሊውን አስቆመችው።

"ተመስገን፣ ኃይለየሱስ ተነሣ?" አለች። ወዲያው የሙሉመቤትን ጥቁር ቀሚስ አይታ አንገቷን ሰበር አደረገች። "ይቅርታሽን እቴ። አፌ ቀድሞኝ ነው። እንግዲህ አንቺ ነሽ የምትመዝኚው?"

"እኔ ነኝ።"

"ብረቱን እንደ ሙሽራ አሸብርቀሽዋል ደግሞ። በይ መዝኚልኝ፣ ያ ሰውዬ ሲሰፍር ዓይኑ እኔን ነበር የሚያየው፣ ሚዛኑን አይደለም።"

ሙሉመቤት ባለ ሃያውን ልታነሣ ስትጎነበስ ባህረዲን ከጎኗ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"መጀመሪያ ገልብጠው ያሳዩዋት። ኃይለየሱስ ሆዱን ለገዢ ሳያሳይ ብረት ሰሐን ላይ አስቀምጦ አያውቅም።"

ገለበጠችው። ጉድጓዷ ባዶዋን ቁልጭ ብላ ታየች። ሠርኬ ምን ማየት እንዳለባት አላወቀችም፤ ከሙሉመቤት ወደ ባህረዲን ተመለከተች። ባህረዲን የቀሩትን አምስቱን አንድ በአንድ ገለባበጠ። ከዚያ ሠርኬን ትንሽ እንድትታገሥ ለምኖ፣ ሙሉመቤትን ወደ መደብሩ በር ወሰዳት።

"እዚህ ውስጥ የነበረው የት ሄደ?"

"ቆሻሻ ነበር። ጠረግሁት።"

ባህረዲን ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ።

"እርሳስ ነው እትዬ። አቅልጠው የሚያፈሱት። ብረቱ ሲሠራ ልክ አይመጣም፤ የጎደለውን በእርሳስ ሞልተው ነው ማኅተም የሚመቱበት። ደግሞም ብረት በተፈተገ ቁጥር ይቀንሳል። ለዚህ ነው እሱ ዓርብ ዓርብ ኑግ ዘይት በነካ ጨርቅ ብቻ የሚጠርጋቸው።"

ወደ ውስጥ አስገብቷት፣ በመደብሩ ሚዛን የራሱን ባለ አሥር ኪሎ በአንዱ ሰሐን፣ የእሷን አምጥቶ በሌላው አስቀመጠ። የእሷ ወደ ላይ ተነሣ። በእሷ በኩል ገብስ በጣቱ እየቆነጠረ ጨመረ፤ መርፌዋ ቀጥ እስክትል እፍኝ ሙሉ ገባ። በአሥር ኪሎ እፍኝ። ሠርኬ በያዘችው ሃምሳ ኪሎ ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል መሆኑ ነው።

ሙሉመቤት የሰሐኑን ገብስ በጣቷ ነካችው። ባህረዲን ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ያኔም እንዲሁ አድርገውት ነበር። ገና እንደተጋባችሁ። ባለ ሁለት ኪሎውን በኮቱ ደብቆ መጣ። 'ሚስቴ አብርታልኝ ጎደለ' አለኝ። ቀጥቃጭ ዘንድ ወስደን እርሳሱን አስሞላነው። 'ታዲያ ንገራት እንጂ፣ ሌላውንም ትፈትገዋለች' ስለው፣ 'ደስ እንዲለኝ ብላ ነው ጣቷ እስኪላጥ የሠራችው፣ አበላሸሽው ብዬ እንዴት እነግራታለሁ' አለ። ሚዛኑን ከኔ ዘንድ ማሳደር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። እርስዎ እንዳያውቁ።"

ሙሉመቤት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰችው። ወደቀ። እንደገና መለሰችው።

"አትንኪብኝ ነው ያለኝ" አለች።

"ምን ይበል? መናገር የት ያውቅበት ነበር፣ አላህ ይማረውና።"

ውጭ ሠርኬ ኩሊውን ስትነዘንዝ ይሰማል። ባህረዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሰኞ ብረቶቹን ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ እርሳሱን አስሞልቶ ማኅተም እንደሚያስመታላቸው ነገራት። ችግሩ የዛሬው ነው። ባላምባራስ ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው እህል ሲመዘን ካላዩ ነገሩ ያከትማል፤ ቃላቸውን አያጥፉም። የራሱን ብረት እንዳያውሳት የነጋዴ ብረት በዚህ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ መዛኝ ከነጋዴ ነጻ እንዲሆን የወጣ የበረንዳው ደንብ ነው።

"ስለዚህ ዛሬን በነዚሁ ይመዝኑ። ለሠርኬ እኔ ከጆንያዬ አንድ ጣሳ ገብስ እደርብላታለሁ። አታውቅም፣ አትጎዳምም።"

"ከእሷ ቀጥላ ለምትመጣውስ?"

"ለእሷም እደርባለሁ።"

"ሰው ሁሉ ጆንያውን ይዞ ከወጣ በኋላ፣ የኃይለየሱስ ሚዛን ነው ብሎ ለሌላ ሲናገር፣ ያንን በምን ይደርቡታል?"

ባህረዲን ዓይኑን ወደ ጆንያዎቹ መለሰ። ጢሙን አሻሸ።

ሙሉመቤት ወጥታ ሠርኬን ግማሽ ሰዓት እንድትጠብቃት ጠየቀቻት። ሠርኬ እህል ለመመዘን ቤት ደርሶ መምጣት የሚያስፈልግበት አገር አይታ እንደማታውቅ ተናገረች፤ ቢሆንም ገብሷ ላይ ተቀመጠች። ሙሉመቤት ነጠላዋን አጣፍታ በጆንያና በኩሊ መካከል እየተሹለከለከች፣ በጭድ ተራ በኩል ሽቅብ ወጣች።

ቤቷ ስትገባ ጸጥ ያለ ነበር። የሎሚው ሽታ አልወጣም። በሩ ፊት ቆመች። ባለ አምስቷ እንደተቀመጠች ናት፤ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ከቆመችበት ቦታ ላይ ዙሪያዋን ቀይ ቀለበት ሠርታለች። ሙሉመቤት ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች፣ መለሰች። ቀና አለችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮቱን አየች። ሄዳ በግራ ኪሱ ውስጥ እጇን ከተተች። ጨርቁ እዚያው ነበር፤ በዘይት ጠቁሯል፣ ደርቋል። ላጥብልህ ስትለው ተዪው ይላት የነበረ ጨርቅ ነው።

ከዚያ ብረቷን አነሣቻት። የግራው ተከፋች ሲጢጥ ብሎ ወደ ውስጥ ተከፈተና ብርሃን እስከ አልጋው ድረስ ገባ። ብረቷን ይዛ ወጥታ ሁለቱን ተከፋች ከውጭ በገመድ ጎትታ አሰረች። በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋት ወረደች።

በረንዳው ስትደርስ ባህረዲን ብረቷን ተቀብሎ ገለበጣት። እርሳሱ ሞልቶ ማኅተሙ ይታያል። ጓዳው ውስጥ ብዙ ስላልቆየች ዝገቷ ከላይ ብቻ ነው። ሙሉመቤት ጨርቁን ባህረዲን ካመጣላት ኑግ ዘይት ነከር አድርጋ፣ ሳትጫን፣ አቧራዋን ጠረገችላት። በመደብሩ ሚዛን ከባህረዲን ባለ አምስት ጋር ሲያስተያይዋት መርፌዋ ተወዛውዛ መሐል ላይ ቆመች።

"በይ እቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ" አለች ሠርኬ። ብረቷን ስታይ ግን አፏን ያዘች። "የሚያብረቀርቀውን ትተሽ ይቺን ዝገታም? ደግሞ ለብቻዋ?"

"ሌሎቹ ጎድለዋል። እኔ ነኝ ያጎደልኋቸው፣ ስፈትግ። ትክክሏ ይቺ ብቻ ናት" አለች ሙሉመቤት። በአካባቢው ያሉት ነጋዴዎች ዞረው አዩ። ድምፅዋ ይህን ያህል ይሰማል ብላ አላሰበችም። "አምስት አምስት ኪሎ እያደረግሁ አሥር ጊዜ እመዝንልሻለሁ።"

"አሥር ጊዜ! ጠላው እስኪጠመቅ እዚሁ ልደር?"

"ካልፈለግሽ ቅር አይለኝም።"

ሠርኬ ኩሊውን አየችው፤ ኩሊው ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ወገቧን ያዘች። "ጀምሪ እስቲ። እኔ እቆጥራለሁ፣ ያንቺን ቁጥር አላምንም" አለች።

ሙሉመቤት ብረቷን ገልብጣ አሳየቻትና ሰሐኑ ላይ አኖረቻት። ገብሱን በቁና እየቀዳች በሌላው ሰሐን አፈሰሰች፣ በመጨረሻ በእፍኝ፣ ከዚያም በጣቷ። የመጀመሪያው ብዙ ቆየ። ሁለተኛው ከዚያ ተሻለ። ከማዶ አንዱ ነጋዴ፣ በዚህ አያያዝ ገብሱ ሰሐን ላይ እያለ ይበቅላል ብሎ ሳቀ፤ አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። ሠርኬ ቁጥሩን እንዳያስታት እጇን አወዛወዘችበት። ከአራተኛው በኋላ ሳቁ ቆመ። ስድስተኛው ላይ ሁለት ሰዎች ጆንያቸውን አውርደው ከሠርኬ ኋላ ተቀመጡ።

ባላምባራስ አስናቀው ሲመጡ ሠርኬ ስምንት እያለች ነበር። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። ተደርድረው የሚያብረቀርቁትን ስድስት ብረቶች፣ ሰሐኑ ላይ ያለችውን አንዲት ዝገታም ብረት ተራ በተራ አዩ። ሙሉመቤት ልትነሣላቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን ቆመው ጠበቁ። ጆንያው ውስጥ የቀረው ገብስ ሁሉ ሰሐኑ ላይ ሲፈስ መርፌዋ ገና አልተስተካከለችም፤ ለአሥረኛው አንድ ጣሳ ያህል ጎደለ።

"አላልኩም?" አለች ሠርኬ፣ ወደ ማዶ እያየች። የጎደለውን ልታስሞላ ባዶዋን ቁና ይዛ ገሠገሠች።

ባላምባራስ ለሙሉመቤት ራሳቸውን ነቀነቁላት። የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ተራው የማን እንደሆነ ጠየቋቸውና፣ ከእነሱ ኋላ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ በምርኩዛቸው አሳይተው ሄዱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባህረዲን ዘንጉን አወረደላት። ሙሉመቤት ስድስቱን ብረቶች ለሰኞ አዘጋጅታ ለየች። እርሳሱን ከአመዱ ውስጥ ለቅማ እንደምታመጣውም ነገረችው። ባለ አምስቷን በጨርቁ ጠቅልላ በሁለት እጇ እንደያዘች ቆየች።

"ኩሊ ልጥራልዎት? ለበሩ ያስፈልግዎታል" አላት ባህረዲን።

"እዚህ ትደር" አለች። "እሱም እዚሁ ነበር የሚያሳድራቸው።"

ሰጠችው።

ወደ ቤቷ በሚወስደው መንገድ ላይ ምስማርና ማጠፊያ መሬት ዘርግተው ከሚሸጡት አንዱ ጋ ቆመች። ሰውየው ዕቃውን ሊጠቀልል ጀምሯል። መቀርቀሪያ እንዳለው ጠየቀችው። ሁለት ዓይነት አወጣላት፤ ሁለቱም አዲስ ናቸው፣ ገና ዝገት አልነካቸውም።

"ይኼኛው ከውስጥ ብቻ ነው የሚዘጋ፣ እናቴ። ርካሽ ነው። ቤት ለሚውል ሰው እሱ ይበቃል።"

ሙሉመቤት ሁለቱን በእጇ መዘነቻቸው።

"ከውጭ የሚቆለፈውን ስጠኝ" አለች። "ቀን ቀን ቤት ሰው አይኖርም።"